ያልነገሩኝ ውሃ

ጥር 3 ቀን 2017፣ ፍኖተ ሰላም

ውሃው ዛሬ ገባ። ቄሱ ጸሎት ካደረሱ በኋላ ባለቤቴ ይታገሱ ቧንቧውን ሲከፍተው ሴቱ ሁሉ እልልታውን አቀለጠው። እኔ አለቀስኩ። ለውሃ ይለቀሳል? ግን የከተማው መስመር እኛ ግቢ ድረስ ስላልመጣ ይህን ሁሉ ዓመት ከምንጩ ቦኖ በጋሪ ጀሪካን እያስጫንኩ ነው የሰው ልብስ ሳጥብ የኖርኩት። አሁን የቤት ማኅበራችን የራሱን ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፈረ። የማኅበሩ ሰብሳቢ ይታገሱ ነው። ቁፋሮውንም ከዳር ያደረሰው እሱ ነው።

ከምርቃቱ በኋላ እንግዶች ይዞ ወደ ልብስ ማጠቢያ ቤቴ መጣ። ወደ ማኅበሩ ገብተው ቤት ለመሥራት የሚያስቡ ሰዎች ናቸው። ማሽኑ እየዞረ ነበር። «እዩት እንግዲህ» አላቸው። «የሚስቴ መተዳደሪያ በዚህ ውሃ ላይ ነው። መጥፎ ቢሆን ለሚስቴ እሰጣት ነበር?» ሰዎቹ ሳቁ። እኔም ደስ አለኝ፤ ኮራሁ።

ማሽኑንም ቦይለሩንም የገዛሁት ቡሬ ከሪሃና ሱቅ ነው። ሪሃና ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተማርን ጓደኛዬ ናት። አሁን ከወንድሟ ከሰዓድ ጋር የኤሌክትሪክ ዕቃ ትነግዳለች። ማታ ደውዬ ነገርኳት። «እንግዲህ አንች ሀብታም ልትሆኝ ነው፤ እንዳትረሽኝ» አለችኝ።

ጥር 9

የጥምቀት ነጠላ ተከምሯል። ሳሙናው አረፋ አልወጣ አለኝ። ጨመርኩበት፣ ደግሜ ጨመርኩበት። ነጠላው ሲደርቅ እንደ ካርቶን ድርቅ ይላል። ካውያ ጫንኩበት። ደከመኝ።

ጥር 13

የውሃ ማፍያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ተጋግሯል። በማንኪያ ብፍቀው እንደ ግድግዳ ኖራ ተፈረፈረ። ይታገሱን አሳየሁት። የኬሚስትሪ መምህር ነውና እንዲህ ያለውን እሱ ያውቃል። ጣቱን አስገብቶ ነካ አደረገና በሱሪው ጠረገው። «አዲስ ጉድጓድ ነው። ትንሽ ጊዜ ስጭው፤ ይጠራል።»

ፊቱን አላየሁትም፤ መነጽሩን እየወለወለ ነበር። ሥራ በዝቶበታል፣ ማኅበሩ አናቱ ላይ ወጥቷል። በእንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ልጨቀጭቀው አይገባኝም።

ጥር 27

የሠርግ ሰሞን። አንሶላ፣ ጋቢ፣ ቬሎ። ለመቀመጥ ጊዜ የለም።

ቦይለሩ ከሰሞኑ ሲሞቅ ፈንዲሻ እንደሚፈነዳ ይንጣጣ ነበር። ዛሬ ጠዋት ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ። ሪሃናን ደወልኩላት፤ ሰዓድን እልክልሻለሁ አለች።

የካቲት 2

ሰዓድ መጣ። መንገዱ ተዘግቶ ስለሰነበተ ነው የቆየው። ቦይለሩን ፈታና ሬዚስታንሱን፣ ያን ውሃውን የሚያሞቀውን ብረት፣ አወጣው። ብረትነቱ አይታይም። ዙሪያውን ነጭ ድንጋይ ለብሶ የበግ አጥንት መስሏል።

«እህቴ፣ ይህ ከውሃው ነው» አለኝ። «ውሃችሁ ኖራ ይበዛዋል። በፈላ ቁጥር ብረቱ ላይ ይጋገራል፣ ብረቱ ራሱን ያቃጥላል። አዲስ ላስገባልሽ እችላለሁ፤ ውሃው ካልተስተካከለ ግን እሱም አይቆይም። አስመርምሩት።»

አዲሱን ያለ ምንም ክፍያ ገጠመልኝ። ምሳ ብላ ብለው ቸኮለ።

ማታ ለይታገሱ የሰዓድን ቃል እንዳለ ነገርኩት። ሹካውን አስቀመጠ። «ነጋዴ ምን ይበልልሽ? ዕቃዬ የማይረባ ነው ይበል? ውሃውን ባለሙያ አይቶታል። ይህንን ወሬ ደግሞ እዚህም እዚያም እንዳትደግሚው፤ ሰው ገና ሊመዘገብ ነው።»

እውነቱን ነው። ሰዓድ ነጋዴ ነው። ግን በነጻ ለምን ገጠመልኝ? ጥፋት ባይኖርበት በነጻ ይገጥም ነበር? ይታገሱም ይህንኑ ነው ያለኝ።

የካቲት 20

ጾሙ ከገባ አራተኛ ቀን። ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ መሃል ላይ ቆመ፤ ውስጡ የሆቴሉ አንሶላ ሞልቷል። በሩም አልከፈት አለ። ስታገል ዋልኩ። አንሶላውን በእጄ አጠብኩት። ነጭ የነበረው ዐመድማ ሆኗል።

ጎረቤታችን እማማ አልጣሽ ልጃቸው የገዛላቸው ቦይለር መበላሸቱን ሊነግሩኝ መጡ። «የኔ ልጅ፣ ያንችም ሞተ? ምን መዓት ነው?» እሳቸውም የገዙት ከሪሃና ሱቅ ነው፤ ወስጄ ያስገዛኋቸው እኔ ነኝ።

ይታገሱ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። «ማዘር፣ ከአንድ ሱቅ የተገዛ ሁሉ ተበላሸ» አላቸው። «ነገሩ ግልጽ ነው። አስመስለው የሚሠሩትን ዕቃ ነው የሸጡላችሁ።» እማማ አልጣሽ እኔን አዩኝ። እኔ መሬት አየሁ።

ከሪሃና ጋር የኖርነው ኑሮ ሁሉ ዛሬ ሲመላለስብኝ ዋለ። እናቷ ሲሞቱ አብሬያት ነበርኩ። እኔን ሲያስወርደኝ ጉልበቴን ይዛ ያደረችው እሷ ናት። ሰው በእንዲህ ያለ ወዳጁ ላይ እንዴት ይነግዳል?

መጋቢት 4

ያደረግሁትን ልጻፈው፤ ከይታገሱ በቀር ለማንም አላወራሁትም።

ቡሬ ሄድኩ። መናኸሪያው አጠገብ ያለው ሱቃቸው ሰው ሞልቶበት ነበር። ሪሃና አይታኝ ፊቷ በራ፤ «አምለሰት!» ብላ ከባንኮው ጀርባ ወጣች። የተቃጠለውን ሬዚስታንስ ከቦርሳዬ አውጥቼ ባንኮው ላይ ጣልኩት። ሁለተኛው ነው፤ ሰዓድ የገጠመልኝም ሞቷል።

«ይህን ነው የሸጥሽልኝ?» አልኳት። «እኔን ብቻ ቢሆን ምንም አልነበር። ያችን አሮጊት እንዴት አስቻለሽ?»

«ውሃውን አስመረመራችሁ?» አለችኝ፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ውሃ አትበይኝ! ባሌ ኬሚስትሪ ነው የሚያስተምረው። ስለ ውሃ አንች ልትነግሪኝ ነው?»

ገበያተኛው ዞሮ ያየን ጀመር። አንዱ ሊገዛው የያዘውን ካውያ መልሶ መደርደሪያው ላይ ሲያስቀምጥ አይቻለሁ። ሪሃናም አይታዋለች። «ጾም ላይ ነኝ፣ አምለሰት» አለችኝ። «አፌን መክፈት አልፈልግም። ሂጅ።»

ወጣሁ። በሚኒባሱ መስኮት በኩል ሳያት ባንኮው ላይ የፈሰሰውን ነጭ ፍርፋሪ በእጇ እየጠረገች ነበር።

ለይታገሱ ስነግረው አቀፈኝ። «ጀግና ነሽ» አለኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው ያቀፈኝ።

መጋቢት 8

ወሬው እኔን ቀድሞኛል። ይታገሱ ትምህርት ቤትም ኮሚቴውም ላይ «ባለቤቴ ሱቃቸው ድረስ ሄዳ አጋልጣቸዋለች» እያለ ሲያወራ ሰንብቷል። ከግቢያችን ሰዎች ዕቃ ጭነው ቡሬ ድረስ እየሄዱ ይመልሳሉ አሉ። ሰዓድ አንዱንም ሳይከራከር ይቀበላቸዋል አሉ።

ሳይከራከር። ይህ ቃል ቀኑን ሙሉ አልለቀቀኝም።

መጋቢት 13

አንሶላው የሚታጠብበት ሆቴል ለሌላ ሰው ሰጠሁ ብሎኛል። ተቆጥተው እንኳ አልነገሩኝም።

ማታ የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ክንዱ መጥቶ ከይታገሱ ጋር በረንዳ ላይ ሲያወሩ ሽሮ እያማሰልኩ ሰማኋቸው። ክንዱ፣ «እስከ መቼ ነው ግን? እኔ እሷን ሳያት ይጨንቀኛል» አለ። ይታገሱ፣ «ከፋሲካ በኋላ። አዲሶቹ ሰዎች ይግቡ። እስከዚያ ነገሩ ማሽኑ ላይ ይቆይ» አለ።

ነገሩ ማሽኑ ላይ ይቆይ ማለት ምን ማለት ነው? የማሽኑ ጉዳይ እስከዚያ ይቆይ ማለቱ ይሆናል። አዲስ ሊገዛልኝ አስቦ ይሆናል፤ ድንገት ሊያስደስተኝ። ክንዱ የሚጨንቀው ሥራ ፈትቼ ስላየኝ ነው።

ሽሮው አረረ።

መጋቢት 21

ዛሬ ኢድ ነው። ከተዋወቅን ጀምሮ ኢድን ከሪሃና ቤት ውጭ ውዬ አላውቅም። ጾም ላይ ብሆን እንኳ የጾም ምግብ ለብቻ ታሠራልኝ ነበር። ዛሬ ቤቴ ተቀምጬ የሰው ልብስ በእጄ ሳጥብ ዋልኩ። ስልኬን ደጋግሜ አየሁት። እኔ ያዋረድኳት ሰው እንድትደውልልኝ እጠብቃለሁ፤ ዓይን አውጣ ነኝ።

መጋቢት 28



የክንዱ ሚስት ሸጋዬ ታማለች ተብሎ ልጠይቃት ሄድኩ። ተነስታ ሻይ ላፍላልሽ ስትል አንች ተኝ ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። የውሃ ማፍያዋን ስከፍተው ውስጡ ጥርት ያለ ነው። ዛሬ ከሱቅ የወጣ ይመስላል። አንድ ፍርፋሪ የለበትም። ወደ ቧንቧው ሳስጠጋው ከመኝታ ቤት ጮኸች፤

«የቧንቧውን አይደለም አምለሰት! ከጀሪካኑ ቅጅ፤ የምንጩ ነው።»

«ለምን?» አልኳት።

«እንዴ፣ ያ ኖራውን ይጋግራል እኮ። እኛማ ለሚፈላውም ለማሽኑም በጋሪ ከምንጩ ነው የምናስቀዳው። ገና ውሃው ሳይገባ ክንዱ ከለከለኝ። ቆፋሪዎቹ ለኮሚቴው ነገሯቸው አይደል? እናንተስ...»

እዚህ ላይ ቆመች። በሩ ላይ ቆሜ ታየኛለች። ማፍያው እጄ ላይ ነው።

«እናንተ ቤት አልተነገረም?» አለችኝ።

«ተነግሯል» አልኳት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። ሻዩን አፍልቼ፣ ስኳሩን ጨምሬ፣ ትራሷን አስተካክዬላት ወጣሁ።

በዚያው ቀን፣ ማታ

ራቱን አቀረብኩለትና ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

«ጉድጓዱን የቆፈሩት ሰዎች ምን ነበር ያሉህ?»

ወዲያው ገባው። ለመካድ እንኳ አልሞከረም። «ይጠጣል፣ ሰው አይጎዳም አሉኝ። ኖራ ግን ይበዛዋል። ማለስለሻ ትከሉለት፣ ወይ ከምንጩ መስመር ጠልፋችሁ ቀላቅሉት አሉ።»

«መቼ ነው ያሉህ?»

«ቧንቧው ሳይከፈት።»

«ሸጋዬ ታውቃለች። የኮሚቴው ሚስቶች ሁሉ ያውቃሉ። እኔስ?»

እንጀራውን ቆረሰው እንጂ አልጎረሰውም። «አንች መዋሸት አትችይም፣ አምለሰት። ሰው ቢጠይቅሽ ፊትሽ ይናገራል። ሳታውቂ ብትሠሪበት ይሻላል ብዬ ነው። ሰው አንችን አይቶ ነው የሚያምነው።»

ይህን ሲለኝ ያመሰገነኝ ነው የሚመስለው።

«ሪሃናንስ?»

«አንድ ጥፋተኛ መገኘት ነበረበት» አለ። «እሷ ቡሬ ናት፤ ከእኛ ጋር አትኖርም።»

«እኔ ነኝ የሄድኩት ይታገሱ! በጾሟ፣ በሰው ፊት... አንተ ደግሞ አቅፈኸኝ ነበር!»

«ምን ላድርግ?» አለ። ድምፁ ተሰበረ። «አዲሶቹ ገብተው ካልከፈሉ መንገዱም መብራቱም ይቀራል። ስንት ዓመት የለፋሁበት ነው። ከፋሲካ በኋላ ሁሉን አስተካክላለሁ። እስከዚያ ታገሽኝ።»

ታገሽኝ አለ። አሥራ ስድስት ዓመት አብሬው ስኖር ውሸቱን ፈልጌ አላውቅም፤ ፊቱን እንኳ አልመረመርኩም። የሚያስቀይመኝ መዋሸቱ ብቻ ቢሆን ምን ነበር። ለውሸቱ የመረጠው እኔን፣ እውነተኛ ናት ብሎ ነው።

ሚያዝያ 2

ላውንደሪው ውስጥ ምንጣፍ አንጥፌ እተኛለሁ። ለሰው ሥራ በዝቶብኝ ነው እላለሁ። ሥራ የለኝም።

ዛሬ ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ስብሰባው የሆሳዕና ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። አዲሶቹ ይፈርማሉ። «ዝም ብትይልኝ ይበቃኛል። ዋሽ አላልኩሽም» አለኝ።

እውነቱን ልጻፍ፤ ልቤ ትንሽ ሸፍቶ ነበር። ይዋረዳል፣ ቤቴ ይፈርሳል፣ ከፋሲካ በኋላ ይሁን ብዬ አስቤ ነበር። ከዚያ ያ ካውያውን መልሶ ያስቀመጠው ሰውዬ ትዝ አለኝ።

ሚያዝያ 5፣ ሆሳዕና

ተናገርኩ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ይታገሱ ስለ ጉድጓዱ ሲያብራራ ተነሳሁ። ሦስተኛውን ሬዚስታንስ፣ ከማሽኑ የወጣውን፣ በነጠላዬ ጠቅልዬ ይዤው ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ጠረጴዛውን ይዤ ነው የተናገርኩት።

«ዕቃችሁን ያበላሸው ውሃው ነው። ቆፋሪዎቹ አስቀድመው ተናግረዋል፤ ኮሚቴው ያውቃል። የቡሬዋ ነጋዴ ጥፋት የለባትም። ስሟን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ይታገሱ ወረቀቱን እያየ ቀረ። ክንዱ ተነስቶ «እውነቷን ነው» አለ፤ ላቡ ይወርድ ነበር። ጫጫታው ጣሪያውን ሊነቅለው ደረሰ። አዲሶቹ ሰዎች እየተነሱ ወጡ።

እኔ ምን ጠብቄ ነበር? ሴቶቹ የሚያቅፉኝ መስሎኝ ነበር። እማማ አልጣሽ በምርኩዛቸው እያዘገሙ መጡ። እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል ወደ ኋላ አሉ።

«የሰብሳቢው ሚስት ሆነሽ ሳታውቂ ቀረሽ?» አሉኝ።

«አላወቅሁም እማማ። በእመቤቴ አላወቅሁም። እንደ እርስዎ ነው የተታለልኩት።»

«በዚህ ውሃ የሰው ልብስ ስታጥቢ ከርመሽ፣ እንግዳው ሁሉ አንችን እያየ ሲገባ ከርሞ፣ አሁን ሥራሽ ሲቆም አወቅሽ?» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ እኔ አርጅቻለሁ እንጂ አልጃጃልኩም።»

አንዲት ሌላ ሴት ከኋላቸው፣ «ከባሏ ተጣልታ ነው እንጂ ትናገር ነበር?» አለች። ሰምቻታለሁ፤ እንድሰማትም ነው ያለችው።

ሚያዝያ 7

ይታገሱ ከሰብሳቢነቱ ወረደ። ልብሱን በሻንጣ አድርጎ ሽንዲ ከተማ ወንድሙ ዘንድ ሄደ። በሩ ላይ ቆሞ፣ «ከእኔ ይልቅ እነሱን መረጥሽ» አለኝ። «ከዳሽኝ»ም አለኝ፤ ይህን ቃል እሱ ቀድሞ ወሰደው። በሩን ዘጋሁ።

አዲሱ ኮሚቴ ከምንጩ መስመር እንዲጠለፍ ወስኗል። ሰዎች ልጆቻቸውን እየላኩ እኔ ዘንድ የቀረ ልብሳቸውን ያስወስዳሉ። ራሳቸው አይመጡም። ክንዱ ሰላም ይለኛል፤ ሸጋዬ መንገድ ትቀይራለች። የነገረችኝ እሷ መሆኗን ማንም አላወቀም፤ ከእኔም አይወጣም።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

ብቻዬን ፈታሁ።

ሚያዝያ 14

ቡሬ ሄድኩ። ሚኒባሱ መናኸሪያ ሲደርስ መውረድ አቅቶኝ ነበር። ሱቁ ውስጥ ሁለት ገበሬዎች ባትሪ ይመርጣሉ። የተመለሱት ዕቃዎች ከኋላ ተከምረዋል፤ ከነካርቶናቸው እስከ ጣሪያ። ሰዓድ አይቶኝ ወደ ውስጥ ገባ። ሪሃና ከወንበሯ አልተነሳችም። ከስታለች።

ይቅርታዬን ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ ላንሾካሹክላት አስቤ ነበር የመጣሁት። ከዚያ ስድቤን ጮክ ብዬ እንደተሳደብኩ ትዝ አለኝ። ስለዚህ ገበሬዎቹም፣ በሩ ላይ የቆሙትም፣ ከማዶ ሱቅ ያሉትም እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩ። ዕቃዋ ደህና እንደነበረ፣ ጥፋቱ የውሃችን እንደሆነ፣ ባሌ እያወቀ እንደደበቀኝ፣ እኔም ጓደኛዬን ትቼ እሱን አምኜ ስሟን እንዳጠፋሁ ተናገርኩ። አንዱ ገበሬ አፍሮ ኮፍያውን አወለቀ።

«ሪሃና፣ አላወቅሁም ነበር» አልኳት መጨረሻ ላይ። «ግቢው ሁሉ ታውቅ ነበር ይለኛል።»

«አላወቅሽም» አለችኝ። «ያኔ እዚህ ቆመሽ ስትጮሂ ፊትሽን አይቼዋለሁ። አንች እያወቅሽ እንዲህ አታደርጊም። አምንሻለሁ።»

ይህን የሚለኝ ሰው አጥቼ ስለከረምኩ ልቅሶዬ ገነፈለ። ላቅፋት እጄን ዘረጋሁ። እሷ መዳፏን ባንኮው ላይ እንዳሳረፈች ቀረች።

«እኔ ያንች አለማወቅ ሳይነገረኝ ገብቶኛል» አለች። «አንች ግን እኔ በአፌ ነግሬሽ አላመንሽኝም። ያ ነው ከልቤ ያልወጣልኝ። አሁን ወደ ቤትሽ ሂጅ፣ አምለሰት። ሲወጣልኝ እኔው እመጣለሁ።»

መቼ ብዬ አልጠየቅኋትም።